ኮምሬድስን ለእድራችን ስሮጥ የተሳሳትኩትና ያረምኩት

ኮምሬድስ የሚባለውን የደቡብ አፍሪካ ረጅም ሩጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ለመሮጥ በተመዘገብኩበት ዓመት በእድራችን ደብተር ላይ 64 ሰዎች ስማቸውን አስፍረውልኝ ነበር። ከየስሙ ጎን «ከጨረሰ 200 ራንድ»፣ «ከጨረሰ 500 ራንድ»፣ አንዱ ቀልደኛ ደግሞ «ከጨረሰ 1000 ራንድና አንድ በግ» ብሎ ጽፏል። «ከጨረሰ» የምትለው ቃል የቱን ያህል እንደምትከብድ የገባኝ ግን በሩጫው ዕለት፣ ከደርባን 47 ኪሎ ሜትር ያህል ርቄ፣ ጉልበቴን በሁለት እጄ ይዤ አስፋልት ዳር በተቀመጥኩ ጊዜ ነው። ይህን የምጽፈው ለወገኑ የሚጠቅም ነገር ለመሥራት ብሎ ረጅም ሩጫ ላሰበ ሰው ነው፤ በተለይም እንደ እኔ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ለሚሠራና በሯጭነት ላላደገ።

የምኖረው ጆሃንስበርግ ሲሆን የምሠራው አበሻ ሁሉ ጄፒ ብሎ በሚጠራው ሰፈር ነው። መንገዱ ስሙ ተቀይሮ ራሂማ ሙሳ ከተባለ ቆይቷል፤ በእኛ አፍ ግን ዛሬም ጄፒ ነው። ብርድ ልብስና መጋረጃ እሸጣለሁ። ከዚያ በፊት ለአራት ዓመት ሎኬሽን (ከከተማው ወጣ ያለ የጥቁሮች ሰፈር) ውስጥ የሸቀጥ ሱቅ ነበረኝ፤ ሁለት ጊዜ ተዘረፍኩ፤ በሁለተኛው ሽጉጥ ግንባሬ ላይ ስለተደቀነ ሱቁን ጥዬ ወጣሁ። እዚህ አገር ለሚኖር ኢትዮጵያዊ ይህ አዲስ ወሬ አይደለም። እድራችን የተቋቋመው በዋናነት ሬሳ ወደ አገር ቤት ለመላክ ነው፤ ሰው ሲሞት ገንዘቡ በሁለት ቀን ይሞላል፣ ለቀስተኛው ይሰበሰባል፣ ቡና ይፈላል። ለሞተው እንዲህ የምንፋጠን ሰዎች፣ ከጥይት ተርፎ ሌሊት እንቅልፍ ለሚያጣው፣ መጠጥ ለሚያበዛውና በር በተንኳኳ ቁጥር ለሚደነግጠው ያዘጋጀነው አንድም ነገር አልነበረም። እኔ ራሴ ከዘረፋው በኋላ ሰባት ወር ያህል በወጉ አልተኛሁም። መሮጥ የጀመርኩትም ደክሞኝ እንድተኛ ብዬ ነው። ሐሳቤ በሩጫው ምክንያት ገንዘብ ተሰብስቦ፣ አማርኛ የሚናገር የሥነ ልቦና አማካሪ ለአባላት ያለ ክፍያ የሚገኝበትን መንገድ ማመቻቸት ነበር።

ኮምሬድስ በደርባንና በፒተርማሪትዝበርግ መካከል በየዓመቱ የሚካሄድ፣ ወደ 90 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የአስፋልት ሩጫ ነው። አቅጣጫው በአብዛኛው በየዓመቱ ይቀያየራል፤ አንዱ ዓመት ከባሕር ጠረፍ ወደ ላይ፣ ሌላው ከላይ ወደ ባሕሩ ነው። ያስጀመረው ቪክ ክላፋም የሚባል የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ዘማች ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1921 በጦርነቱ ለወደቁ ጓዶቹ መታሰቢያ እንዲሆን አስቦ ነው፤ በዚያ ዓመት 34 ሰዎች ተነሥተው 16ቱ ብቻ ጨረሱ። ጥቁሮችና ሴቶች በይፋ እንዲገቡ የተፈቀደው ግን እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። ከሐዘን የተወለደ ሩጫ መሆኑን ስሰማ ለእድር ሥራ የሚስማማ መስሎ ታየኝ። ለመግባት አስቀድሞ አንድ ሙሉ ማራቶን ከ4 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ መጨረስ ያስፈልጋል። ጠቅላላ ገደቡ 12 ሰዓት ነው፤ በመንገዱም ላይ በተወሰነው ጊዜ ያልደረሰ ሯጭ የሚቆረጥባቸው ቦታዎች አሉ። 12 ሰዓቱ ሲሞላ አንድ ኃላፊ ጀርባውን ለሯጮቹ ሰጥቶ ሽጉጥ ይተኩሳል፤ ከዚያች ሰከንድ በኋላ የደረሰ ሰው ሜዳሊያ የለውም።

በመጀመሪያው ዓመት ያጠፋሁት ብዙ ነው። ልምምዴን ብቻዬን፣ ለማንም ሳልናገር ጀመርኩ፤ ምክንያቱ ኩራት ነበር። አንድ ቀን ወደ አንድ የሩጫ ክለብ ብቅ ብዬ ኢትዮጵያዊ መሆኔን ስናገር ሁሉም በአንድ ጊዜ ዞረው «ታዲያ ከፊት ቁም!» አሉኝ፤ በአምስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ የስልሳ ዓመት እናት ሰላምታ እየሰጡኝ ሲያልፉ በጣም አፈርኩ። አበበ ቢቂላ በሮም በባዶ እግሩ ስላሸነፈ የእኔ ሳንባ የተለየ አይሆንም፤ ይህን ለፈረንጁም ለራሴም ለማስረዳት ጊዜ ወስዶብኛል። በክለቡ ላለመታየት ስል በሌሊት ብቻዬን እሮጥ ነበር፤ ይህ በጆሃንስበርግ ሞኝነት ነው፤ አንድ ጊዜ ስልኬን ተቀምቼበታለሁ።

ዋናው ስሕተት ግን ኪሎ ሜትሩን ያበዛሁበት ፍጥነት ነው። በሳምንት 30 ኪሎ ሜትር ከምሮጥበት በሦስት ሳምንት ውስጥ ወደ 70 ዘለልኩ፤ ደብተሩ ላይ የስም ቁጥር በጨመረ ቁጥር የእኔም ኪሎ ሜትር አብሮ ጨመረ ማለት ይቀላል። በሚያዝያ መጨረሻ ከቀኝ ጉልበቴ ውጫዊ ጎን፣ በተለይ ቁልቁለት ስወርድ፣ ቢላ የሚወጋ የሚመስል ሕመም ጀመረኝ። ያኔ ሁለት ሳምንት አርፌ፣ የዳሌዬን ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ሠርቼ ቢሆን ኖሮ ይድን እንደነበር በኋላ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ነግራኛለች። እኔ ግን 64 ሰው እየጠበቀኝ እንዴት አርፋለሁ ብዬ ደበቅሁት። በሩጫው ዕለት አይቡፕሮፌን ውጬ ተነሣሁ፤ ይህን ማንም እንዲደግመው አልመክርም፤ ሰውነት ውኃ ባጠረውና ለሰዓታት በተጨነቀ ጊዜ እንዲህ ያለው ማስታገሻ ኩላሊት ሊጎዳ ይችላል። የዳገቱ ዓመት ነበር። ካዊስ ሂልን፣ ፊልድስ ሂልን፣ ቦታስ ሂልን ወጥቼ አጋማሹ ድራመንድ ላይ ገደቡ ሊሞላ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ደረስኩ፤ ኢንቻንጋ ዳገት ላይ ግን እግሬ መታጠፍ አቆመ።

በኮምሬድስ «ባስ» የሚባሉ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ልምድ ያለው ሯጭ ፍጥነት እየጠበቀ፣ መቼ እንደሚሮጥና መቼ በእግር እንደሚኬድ እየተናገረ፣ ሰዎችን በቡድን የሚመራበት ነው። ሁለተኛው እውነተኛው አውቶቡስ፣ የተቆረጡትን ለቅሞ የሚወስደው ነው። እኔ የተሳፈርኩት በሁለተኛው ነው። ውስጡ ጸጥ ያለ ነው፤ የላብና የጡንቻ ቅባት ሽታ አለው፤ ማንም ማንንም ቀና ብሎ አያይም። በኪሴ ያለው ስልክ ሳያቋርጥ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ጄፒ ያሉ ሰዎች የት እንደደረስኩ የሚጠይቁበት መልእክት ነው። አላነሣሁትም።

በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ ላይ የተነሣው ጥያቄ በጣም ቀጥተኛ ነበር፤ ሰውዬው ካልጨረሰ ገንዘቡ ይሰበሰባል ወይስ አይሰበሰብም? ግማሹ «ሞክሯል፣ እንክፈል» አለ፤ ግማሹ ዝም አለ፤ ዝምታው ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። በመጨረሻ ከተገባው ቃል ሢሶው ገደማ ብቻ ገባ። ሊቀመንበራችን ጋሼ (ሁላችንም እንዲሁ ነው የምንጠራቸው) ከስብሰባው በኋላ ጠርተውኝ «ልጄ፣ አንተ በአንድ ቀን ላይ ቆመሃል፤ እድር ግን በወር መዋጮ ነው የሚቆመው» አሉኝ። ከዚያ ተነሥቼ ነው የሁለተኛውን ዓመት አሠራር የቀየርኩት፤ ለዚህ ጽሑፍም ምክንያቱ ይኸው አንድ ነገር ነው። ለበጎ ሥራ የምትሮጡ ከሆነ የሰውን ቃል ከመጨረሻው መስመር ጋር አታያይዙት፤ ከልምምዱ ጋር አያይዙት።

አዲሱ አሠራር ቀላል ነበር። ከጥር መግቢያ እስከ ሩጫው ዋዜማ ድረስ ለምሮጠው ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር እያንዳንዱ ሰው ከ25 ሳንቲም እስከ 1 ራንድ ይከፍላል፤ ክፍያው በየወሩ ከእድር መዋጮ ጋር ይሰበሰባል። ታምሜ ባርፍ የዚያ ሳምንት ሒሳብ ዝቅ ይላል እንጂ ሁሉም ነገር አይፈርስም። በዚህ ምክንያት በመጋቢት ጉልበቴ ምልክት ሲያሳየኝ ሳላፍር ዘጠኝ ቀን አረፍኩ። ቁጥሩን የሚመዘግበው ደግሞ እኔ ሳልሆን የእድሩ ገንዘብ ያዥ ነበር፤ የሰዓቴን መረጃ በየሳምንቱ ያያል፣ በወሩ ስብሰባ ላይም ከገቢና ወጪ ጋር ጮክ ብሎ ያነባል። ገንዘቡ በእኔ እጅ አንድም ቀን አላደረም። ይህን የማይጣስ ሕግ አድርጉት፤ ሐሜት ከጉልበት ሕመም ይልቅ ቶሎ ሰውን ያስቆማል።

ወደ ልምምዱ ልመለስ። 12 ሰዓት ለ90 ኪሎ ሜትር ሲካፈል በአማካይ ለአንድ ኪሎ ሜትር 8 ደቂቃ ይሆናል፤ ይህም ውኃ መጠጣቱን፣ ሽንት ቤቱንና ዳገት በእግር መሄዱን ጨምሮ ነው። ስለዚህ እንደ እኛ ላለው ሰው ፍጥነት ዋና ችግር አይደለም፤ ችግሩ ለረጅም ሰዓት በእግር ላይ መቆየት ነው። ከጎኔ ላለው ሰው አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳላቋርጥ መናገር ካቃተኝ ፈጥኛለሁ ብዬ እቀንሳለሁ። ከመጀመሪያው ኪሎ ሜትር ጀምሮ አምስት ደቂቃ ሮጦ አንድ ደቂቃ በእግር መሄድን ለመድኩ፤ ከደከሙ በኋላ የሚጀመር የእግር ጉዞ ሽንፈት ይመስላል፣ ሳይደክሙ የተጀመረው ግን ዕቅድ ነው። በጥር በሳምንት 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ጀምሬ በየሦስት ሳምንቱ አንድ ሳምንት እየቀነስኩ፣ በሚያዝያ መጨረሻ 75 ደረስኩ፤ ከዚያ አላለፍኩም። ረጅሙ ልምምዴ ከሩጫው ስድስት ሳምንት አስቀድሞ ከክለቡ ጋር የሮጥኩት 54 ኪሎ ሜትር ነው። የመጨረሻዎቹ ሦስት ሳምንታት የመቀነሻ ጊዜ ናቸው፤ ሰው በዚያን ጊዜ ራሱን ሰነፍ አድርጎ ያያል፤ ይታገሥ።

ሁለተኛው ዓመት የቁልቁለቱ ዓመት ነበር፤ «ቁልቁለትማ ቀላል ነው» የሚል ሰው ወርዶበት አያውቅም። ቁልቁለት የጭንን የፊት ጡንቻ እየጎተተ ይበጣጥሰዋል፤ መድኃኒቱ በልምምድ ጊዜ በጥቂት በጥቂቱ ማስለመድ ነው። ኬንሲንግተን ውስጥ ላንገርማን የሚባለውን መንገድ በየሁለት ሳምንቱ ረቡዕ ወጥቼ በአጫጭር እርምጃ፣ ወደ ኋላ ሳልለጠጥ እወርደዋለሁ፤ መጀመሪያ አራት ጊዜ፣ በኋላ አሥር ጊዜ። ጫማዬን ከመደበኛው በግማሽ ቁጥር ከፍ አድርጌ ገዛሁ፤ ይህን ባለማድረጌ በመጀመሪያው ዓመት ሁለት የእግር ጣት ጥፍሮች ጠቁረው ወልቀዋል። በሱቅ ቀኑን ሙሉ መቆምም ልምምድ እንደሆነ ቆጥሬ፣ ሰኞና ዓርብ ምንም አልሮጥም ነበር።

ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ስለ ጾም ነው። የኮምሬድስ ዋና የልምምድ ወቅት ከዐቢይ ጾም ጋር ይገጥማል፤ 55 ቀን ሙሉ ከሥጋና ከወተት ርቆ፣ አንዳንዱም እስከ 9 ሰዓት ምንም ሳይቀምስ በሳምንት 60 እና 70 ኪሎ ሜትር መሮጥ ቀልድ አይደለም። የነፍስ አባቴን አማከርኩ፤ ለእኔ የፈቀዱልኝን እዚህ አልጽፍም፣ እያንዳንዱ የራሱን ይጠይቅ። የሠራልኝ ነገር ግን ይህ ነው፦ ረጅሙን ሩጫ ቅዳሜ አደረግሁት፤ ቅዳሜና እሑድ በሁዳዴም ቢሆን ከእህል ውኃ እስከ ሰዓት አይታቀብባቸውምና። ከሩጫ በኋላ ወዲያው ሽሮ በእንጀራ፣ ምስርና የባቄላ ሾርባ እበላለሁ። በመንገድ ላይ በሶ በጨውና በትንሽ ስኳር በጥብጬ በትንሽ ጠርሙስ እይዛለሁ፤ የገበያው ጣፋጭ ጄል ሆዴን ሲያውከው በሶ አንድም ቀን አልከዳኝም። ጄፒ ምግብ ቤት ያላት አንዲት እህታችን በሶውን እየፈጨች በነፃ ታቀርብልኝ ነበር፤ በደብተሩ ላይ «በዓይነት» ተብሎ ተመዝግቦላታል።

አሁን ስለ እሑዱ ልናገር። ለረጅም ርቀት የሚዘጋጅ ሰው ከቅዳሜው ረጅም ሩጫ ማግስት፣ እግሩ እንደደከመ፣ ሌላ ቀላል ጉዞ እንዲያደርግ ይመከራል። እኔም ይህን ብቻዬን ከምሠራው ብዬ ሮድስ ፓርክ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እንድንገናኝና ቤተ ክርስቲያን ሳይረፍድ እንድንለያይ ለእድሩ አስነገርኩ። በመጀመሪያው እሑድ አራት ሰው መጣ። ሁሉም ተሳለቁብኝ፤ «ከአገር ቤት ኬንያን፣ ታንዛንያን አቋርጠን እዚህ የደረስነው በእግር አይደለም እንዴ? አልበቃህም?» ይሉኝ ነበር። በየካቲት መጨረሻ አሥራ ሁለት ሆንን። ቅዝቃዜው ሲበረታና ንጋቱ ሲዘገይ ሰዓቱን ወደ 1 ሰዓት ገፋነው።

ከመጡት መካከል አንዱን ላንሣ፤ ማንነቱ እንዳይታወቅ ጥቂት ነገር ቀይሬያለሁ። የአጎቱ ልጅ በሱቃቸው ፍርግርግ በኩል በጥይት ሲመታ አጠገቡ የነበረ ወጣት ነው። በቆዳ ጫማና በጃኬት መጣ፣ ከሁላችንም ኋላ ሆኖ ሄደ፣ ሳይሰናበት ሄደ። ሦስት እሑድ እንዲሁ አደረገ። በአራተኛው ጫማው ተፈትቶ ሊያስር ጎንበስ ሲል ቆሜ ጠበቅሁት። ክሩን እየሳበ፣ ቀና ሳይል «መብራት አጥፍቼ መተኛት አልችልም» አለኝ። እኔም «እኔም ሰባት ወር አልቻልኩም ነበር» አልኩት፤ ሌላ አልጨመርኩም። ጎን ለጎን የሚሄዱ ሰዎች ፊት ለፊት ስለማይተያዩ ይሁን፣ ወይም ትንፋሽ ስለሚያጥር፣ በቡና ጠረጴዛ ላይ የማይወጣ ነገር በመንገድ ላይ ይወጣል። ለአባላት ያገኘናት የሥነ ልቦና አማካሪ ግን አንድ ነገር አስጠንቅቃናለች፤ ማንንም «ንገረን፣ ይቅለልህ» ብለን እንዳንገፋ፣ እኛ የመንገድ ጓደኞች እንጂ ሐኪሞች አለመሆናችንን እንዳንረሳ፣ አንድ ሰው ራሱን ስለመጉዳት ካነሣ በዚያው ቀን ለባለሙያ እንድናደርስ። ወጣቱ የመጀመሪያውን ቀጠሮ የያዘው በሚያዝያ ነው፤ የተከፈለውም ከኪሎ ሜትሩ ገንዘብ ነው።

ሩጫው ዕለት ፒተርማሪትዝበርግ ላይ በጣም ይበርድ ነበር፤ የምጥለውን አሮጌ ሹራብ ለብሼ ቆምኩ። በድምፅ ማጉያ የዶሮ ጩኸት ተለቀቀ፣ መድፉ ተተኮሰ፣ ወጣን። ከአንድ ባስ ጋር ተጣብቄ ሄድኩ፤ መሪው «በእግር!» ሲል በእግር፣ «እንሩጥ!» ሲል ሩጫ። ኢንቻንጋ ላይ ባለፈው ዓመት የተቀመጥኩበትን ቦታ ለማየት ፈልጌ ሳላውቀው አልፌዋለሁ። እዚያው አካባቢ ያለው የኤተምቤኒ ትምህርት ቤት ልጆች፣ አንዳንዶቹ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው፣ መንገድ ዳር ተሰልፈው እጃቸውን ይዘረጉ ነበር፤ የሁሉንም እጅ ለመንካት ስል ሁለት ደቂቃ አጠፋሁ።

ውኃው በትናንሽ ፕላስቲክ ከረጢት ይታደላል፤ ጥጉን በጥርስ ቀድዶ መጭመቅ ነው። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ብዙ መጠጣት ሁልጊዜ ጥሩ አይደለም። በሰውነት ውስጥ ያለውን ጨው እስኪያቀጥን ድረስ ውኃ በመጠጣት የሚመጣውን አደጋ ደቡብ አፍሪካዊው ሐኪም ቲም ኖክስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1985 ያሳወቁት በዚህ አገር የረጅም ርቀት ሯጮች ላይ አይተው ነው። በጠማኝ ጊዜ ብቻ ጠጣሁ፤ በየሰዓቱ በሶዬን ተጎነጨሁ። ፊልድስ ሂል የሚባለው ረጅም ቁልቁለት ላይ አጠገቤ የነበሩ ግዙፍ ሰዎች ወደ ኋላ ዞረው እየወረዱ ያለቅሱ ነበር፤ የላንገርማን ረቡዕ ያኔ ዋጋውን ከፈለኝ። ደርባን የደረስኩት በ11 ሰዓት ከ38 ደቂቃ ነው። የዚህ ጊዜው ባስ ያለፈው ዓመቱ አውቶቡስ አይደለም፤ የሯጮቹ ቡድን ነው፤ መሪው ጨርሶ ሲመለከተን ድምፁ ተዘግቶ ነበር።

ከጥር ጀምሮ የሮጥኩት 1,060 ኪሎ ሜትር ሲሆን እድሩ የሰበሰበው 38,400 ራንድ ነው፤ አማካሪዋ ለአንድ ቀጠሮ በምትቀበለው 450 ራንድ ሲካፈል 85 ቀጠሮ ይሆናል። ገንዘቡ የተጠናቀቀው ከሩጫው በፊት ስለነበር ብቆረጥም አንድም ቀጠሮ አይቀንስም ነበር። ከዚያ በኋላ ደረጃ የምወርደው ወደ ኋላ ዞሬ ስለነበር ለሦስት ሳምንት ሮድስ ፓርክ መሄድ አልቻልኩም። ያ ጃኬቱን ያልተወው ወጣት የእሑዱን ደብተር ተረክቦኝ ነበር። በሐምሌ ስመለስ ገጹን ገለጥ አድርጌ አየሁት፤ የ23 ሰዎች ስም በእሱ የእጅ ጽሑፍ ተመዝግቧል፤ ከታችም «ቁርስ የሚያመጣ ሰው ይመደብ» የሚል ማስታወሻ አለ።